ገና፣ ላልቶ ሲነበብ

መጀመሪያ የሰማሁት በጆሮዬ ሳይሆን በወገቤ ነው። ባለፈው ጥቅምት አንድ ከሰዓት በኋላ ከቢሮ ወጥቼ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ከኋላ መቀመጫው ሥር የተገጠመው ድምፅ ማጉያ አጥንቴን ቀስ እያለ ይነካካው ጀመር። ካፊያው አባርቶ የማርቆስ ከተማ አስፋልት ይተናል፤ የእርጥብ አፈርና የቤንዚን ሽታ ተደባልቆ ይገባል። ዘፈኑ ሬጌ ነው፤ ጊታሩ ከምቱ ኋላ ኋላ እየቀረ የሚነካካ፣ ቀለል ያለ፣ ትከሻ የሚያነሳ ነገር። ድምፁን ወዲያው አወቅሁት። የዚያን ባንድ ዘፋኝ ድምፅ ከመቶ ሰው መሀል ብትደብቀው እለየዋለሁ። ዘፈኑን ግን አላወቅሁትም።

ይህ ደግሞ ሊሆን የማይችል ነገር ነው። የዚያን ባንድ ዘፈን አንድ ሳይቀር በቃሌ እይዛለሁ እያልኩ ስፎክር የኖርኩ ሰው ነኝ። ልጆቼ ሰልችተውኛል፤ ባለቤቴማ አፌን ስከፍት «ደግሞ ጀመረው» ትላለች።

«ይሄ አዲስ ነው?» አልኩት ሾፌሩን።

«ኧረ ጋሼ፣ የእናንተ ዘመን ነው እንጂ!» አለኝ በመስተዋቱ እያየኝ። «የመጀመሪያው ካሴታቸው ላይ የመጨረሻው ዘፈን። ሰው አያውቀውም እንጂ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።»

የመጀመሪያው ካሴት አለ፤ የመጨረሻው ዘፈን አለ። ዘፋኙ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ሁለት ቃል ሰማሁ። «ወራጅ አለ» አልኩ፤ ቤቴ ገና ሩቅ ነበር።

ምን እንደሆንኩ እንዲገባህ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልስህ። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ማርቆስ ውስጥ ቤት ተከራይተው ከሚማሩ የገጠር ተማሪዎች አንዱ ነበርኩ። የኔ አገር ሮብ ገበያ ነው፤ የጮቄ ተራራ ብርድ የሚወርድበት። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ደግሞ የዲማ ሰው ነበር። ቅኔ ቤት ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ዘግይቶ ወደ አስኳላ የመጣ ነው። በዕድሜም በነገር አዋቂነትም ይበልጠን ስለነበር ክፍሉ ሁሉ «መሪጌታ» ይለዋል። ስንቃችን እንኳ አይመሳሰልም ነበር። እኔ ቅዳሜ ወደ ቤተሰቦቼ ሄጄ እሁድ ድንችና የገብስ ቂጣ ተሸክሜ እመለሳለሁ፤ እሱ አገሩ ሩቅ ስለሆነ በወር አንድ ጊዜ ድርቆሽና በርበሬ ይላክለታል። «አንተ የድንች አገር ሰው!» ይለኛል። «ዝም በል፣ በእንተ ስማ ለማርያም!» እለዋለሁ፤ የቆሎ ተማሪ ሳለ ለምኖ ማደሩን ለማስታወስ። እንዲህ እየተሰዳደብን አንድ መደብ ላይ፣ አንድ ጋቢ ለብሰን ሁለት ዓመት ኖርን። ከሥጋ ወንድሞቼ አንዱንም እንደሱ አልወደድኩም። ይህን ለሱ ነግሬው አላውቅም፤ በኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

ክፍላችን ከአከራያችን ቤት ጀርባ የተቀጠለች የጭቃ ቤት ነበረች። ያለን ሀብት ቴፕ ነው፤ ወታደሩ አጎቴ የሰጠኝ፣ አንድ ጆሮው የተሰበረ። የዚያ ባንድ ካሴት ደግሞ የሁለታችን ነው። አከራያችን አምፖል ፈቅደውልናል፤ ሶኬት ግን በፍጹም። «ቆጣሪው እንደ ፈረስ ይጋልብብኛል» ይሉ ነበር። ስለዚህ የምንሰማው በባትሪ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ሲደክም ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ እናሞቀዋለን፤ ሲብስበት በጥርሳችን እንነክሰዋለን። ካሴቱንም የምናጠነጥነው በእስክሪብቶ ነበር፣ ድንጋይ እንዳይበላብን። ፀሐይ የዋለበት ድንጋይ ሽታ፣ ያ የሞቀ ብረትና የዝገት ሽታ፣ አሁንም ባልታሰበ ቦታ ይመጣብኛል።

ታዲያ ካሴቱን ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ገጽ፣ ከመጀመሪያው ዘፈን ነው የምንጀምረው። ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ስንደርስ ድንጋዩ ነፍሱ ልትወጣ ትቃረባለች። የመጨረሻውን ዘፈን አንድም ቀን በደህና ጉልበት ሰምተነው አናውቅም። ዘፋኙ ከጉድጓድ ውስጥ የሚጣራ ይመስላል፤ ከበሮው እግሩን ይጎትታል። እኛም «የሙት ዘፈን» ብለን ስም አወጣንለትና ሲጀምር ቴፑን እናጠፋው ነበር። ከዚያ ሁሉ ማጓራት ውስጥ የሚለይ ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ ዘፋኙ እየተጎተተ «ገ…ና… እመጣለሁ» ይላል።

«የገና ዘፈን ነው» አልኩ እኔ።

መሪጌታ ሳቀ። «ገና ነው እንጂ ገና አይደለም» አለኝ።

ይህን በጽሑፍ ሲያዩት የእብድ ንግግር ነው። በጆሮ ግን ሌላ ነው። ‹ና›ን አጥብቀህ ስትላት የልደት በዓል ናት፤ አላልተህ ስትላት ደግሞ ወደፊት፣ አንድ ቀን፣ ጊዜው ሲደርስ ማለት ናት። ፊደላችን ሁለቱን አይለይም፤ የቅኔ ሰው የሚጫወተውም በዚያች ቀዳዳ ነው። እኔ ግን ክርክር አልወድም፤ ድንጋዩ በሞተበት ቴፕ ምን ጠበቀ ምን ላላ ማን ይለያል? «ገና ነው አልኩህ፣ ገና!» ብዬ ዘጋሁት። እሱም ለማላገጥ በሰኔ ጭቃ መሀል «እንኳን አደረሰህ» እያለኝ ሰነበተ።

አንድ እሁድ ስንቄን ተሸክሜ፣ እግሬ አብጦ ስገባ ዓይኑ እየበራ ጠበቀኝ። ለካ ከአከራያችን የእጅ ባትሪ ውስጥ አዲስ ድንጋይ ተውሶ፣ ካሴቱን በእስክሪብቶ እስከ መጨረሻው አጠንጥኖ፣ ያንን ዘፈን ብቻውን ሰምቶታል።

«አልሞተም እኮ!» አለኝ። «የሞተው ድንጋዩ ነው። ዘፈኑ ቅኔ ነው። ተቀመጥና ስማው፣ ድንጋዩን ሳይጠይቁኝ።»

«ነገ እሰማዋለሁ» አልኩ። ደክሞኝ ነበር። ወዲያው አከራያችን ባትሪያቸውን ፈልገው መጡ፤ ድንጋዩም ሄደ። ነገም ሆነ ከነገ ወዲያ አልሰማሁትም፤ እሱም አልጨቀጨቀኝም።

በዚያው ክረምት አባቱ ሞቱ። መስቀል እንዳለፈ እኔ ለስንቅ ሄጄ ስመለስ መደቡ ላይ የሱ ቦታ ባዶ ነበር። ደብተሮቹን በገመድ አስሮ ጥግ አስቀምጧቸዋል። ካሴቱ ማስቀመጫ ውስጥ በዚያ የቁም ጽሕፈት በሚመስል እጁ የጻፋት ብጣሽ ወረቀት ነበረች። «ወንድሜ፣ እናቴና እህቴ በአንድ በሬ ቀርተዋል። ሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ መውረዴ ነው። ገና እመጣለሁ። ቀሪውን ዘፈኑ ይነግርሃል።»

ዘፈኑን ከፈትኩት፤ አልከፈትኩም እንዳልልህ። ግን አዲስ ድንጋይ አልገዛሁም። ያንኑ የደከመውን ነክሼ ነክሼ አስገባሁት፤ ያው ማጓራት ነው፣ ያው ‹ገ…ና›። ሳቅኩና አጠፋሁት። ሰሊጥ አጨዳ እስከ ኅዳር ያልቃል፤ ስለዚህ ለገና ይመጣል ማለት ነው። ሒሳቡ ልክ ገባልኝ።

ያን ገና ወደ ሮብ ገበያ አልሄድኩም። እናቴን አስቀይሜ ማርቆስ ቀረሁ። አከራያችንን ዶሮ አሠርቼ፣ የሱን ድርሻ በሳህን ከድኜ፣ ዋዜማውን ሙሉ ቀን መናኸሪያ ቆምኩ። ከባሕር ዳር በኩል የሚገባውን አውቶቡስ ሁሉ በር በር እያየሁ፣ አቧራና ናፍጣ እየዋጥኩ። በበዓሉም ቀን ቆምኩ። በማግስቱም ቆምኩ፤ ረዳቶቹ ለምደውኝ «ዛሬም አልመጣችም?» እያሉ ይቀልዱብኝ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ሳህኑን ለአከራያችን ውሻ ሰጠሁት። እሱ ቢኖር ነገሩን ቅኔ ያደርገው ነበር፤ ቃሏን አጥብቄ ስላነበብኳት አጥብቄ ጠበቅሁ፣ ባላላኋት ኖሮ ባልጠበቅሁ።

እኔ ግን ቅኔ አልመጣልኝም፤ ቂም ነው የመጣልኝ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላል የኛ ሰው፤ እኔ በየሰንበቱ ቂሜን ይዤ ቤተ ክርስቲያን እሳለም ነበር። የውሸታም ቤት ሲቃጠል የሚያምነው የለም እያልኩ ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት። የካቲት ላይ የሱን ቦታ ለሌላ ተማሪ ሰጠሁ። ካሴቱንም ለልጁ ሰጠሁት።

ከፋሲካ በኋላ ነው የመጣው። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ለፈተና ስለማጠና ወደ አገር አልሄድኩም። ፀሐዩ በጣሪያው ቀዳዳዎች ገብቶ ደብተሬ ላይ ነጠብጣብ ይሠራል። የግቢው በር ተንኳኳ። ከዚያ ከበሩ ውጪ ሲጣራ ድምፁን ሰማሁ፤ «እንደምን ዋሉ እትዬ፣ ልጁ አለ?» የሚል። ድምፁ ተለውጦ ነበር። ወፍራምና ዝግ ያለ፣ ቃሉ ከቃሉ የማይደርስ። በጭራሽ ድካም ነው ብዬ አላሰብኩም። አፍሮ ነው፣ ደግ ነው፣ ይፈር አልኩ።

በጓሮ በኩል ወደ አከራያችን ሮጥኩና «የለም ይበሉት» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ምን ማለትህ ነው? ያ ወንድምህ እኮ ነው!»

«እባክዎ እትዬ። የለም ይበሉልኝ።»

እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠራረጉ፣ እየተቆጡ ሄዱ። «የለም» ሲሉት ሰማሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ብወጣ ውሸታሟ እሳቸው ሊሆኑ ነው ብዬ መደቤ ላይ እንደ ጉልቻ ተቀመጥኩ። ከዚያ የበሩ ቆርቆሮ ሲመለስ ሰማሁ።

አከራያችን ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙ። «ልጁ ታሟል» አሉኝ። «ፊቱ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል፣ ግድግዳ ተደግፎ ነው ያናገረኝ። ምን አድርጎህ ነው?» ኩራቴ ለመታጠፍ ጊዜ ፈጀበት። ጫማዬን አጥልቄ ስወጣ መንገዱ ላይ አንድ አህያ ብቻ ቆማለች። መናኸሪያ ደረስኩ፤ ወደ ዲማ የሚያደርሰው የቢቸናው መኪና ወጥቷል አሉኝ።

ሰኔ ላይ ከዲማ የመጣ ተማሪ ክፍል ውስጥ ነገረኝ። «ያ መሪጌታችሁ አረፈ። የቆላ ወባ ነው አሉ።» መጀመሪያ ያሰብኩት ምን መሰለህ? ማርቆስ ሆስፒታል አለ። የመጣው ለመታከም ነው። የፈለገውም መደቡን ነው፤ እስኪሻለው የሚተኛበትን።

ለቅሶ አልሄድኩም። ፈተና ነው አልኩ። ከዚያ ክረምት ነው፣ ወንዝ ሞልቷል አልኩ። ከዚያ ዓመቱ አለፈ። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው እያደር ይብስበታል፤ በዘገየ ቁጥር የሚለው ያጣል። ትምህርቴን ጨረስኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ተመልሼ ማርቆስ ተመደብኩ፣ ወለድኩ። ዲማ ግማሽ ቀን የማይሞላ መንገድ ነው። የዚያን ባንድ ዘፈኖች ግን አልተውኩም፤ በካሴት የነበረውን በሲዲ፣ በሲዲ የነበረውን በስልክ እያደረግሁ ስሰማ ኖርኩ። ያንን አንዱን ብቻ ሁልጊዜ አልፈው ነበር። የሙት ዘፈን ነው፣ አያስደስትም እል ነበር ለሚጠይቀኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እና ያን ቀን ባጃጁ ውስጥ፣ በደህና ጉልበት፣ በራሱ ፍጥነት ሰማሁት። ከወረድኩ በኋላ እዚያው እርጥብ ድንጋይ ላይ ቆሜ በስልኬ ፈለግሁና ደግሜ ከፈትኩት። ዘፋኙ ‹ና›ን አላላት። አላልቶ፣ በፈገግታ፣ «ገና እመጣለሁ» አለ፤ ቀጥሎ ያለውን፣ ድንጋዩ ሁልጊዜ የሚበላብንን ስንኝ አስከተለ፤ «ቀን አትቁጠርብኝ»።

እኔ ግን ቆጥሬበት ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ሰላም አጣሁ። ቢሮ ተቀምጬ ኮምፒውተሩ ሲያንጎራጉር፣ መብራት ሊሄድ ሲል ማቀዝቀዣው ድምፁ ሲወፍር፣ «ልጁ አለ?» ሲል እሰማዋለሁ። አንድ ቀን የግቢያችን በር ሲንኳኳ ልጄን «አለ በይው!» ብዬ ጮህኩባት፤ የመጣው የውኃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ነበር። ባለቤቴ አፍጥጣ አየችኝ። ያኔ ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና «ሂድና ለእናቱ ንገር» አለች። «ለኔ ነግረህ ምን ይረባል?»

ኅዳር ላይ ሄድኩ። ከመኪና ወርጄ ጤፍ በሚታጨድበት ማሳ መሀል በእግሬ ሳቀና የደረቀ ገለባ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ከሩቅ የቅኔ ቤት ልጆች ድምፅ ይመጣል፣ ያልገባኝ ግእዝ። መንገዱን ሁሉ ቃሌን ሳዘጋጅ ነበር፤ «ልጅዎ ታሞ ደጄ ድረስ መጥቶ፣ ቤት ሆኜ የለም አስብዬዋለሁ» ልላቸው። ሌላ ምንም ላልጨምር።

እናቱ በሕይወት አሉ። ቆብ ደፍተዋል፤ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ጥጥ ይፈትላሉ። እህቱ፣ ያኔ ሕፃን የነበረችው፣ አሁን የልጆች እናት ሆና፣ ማንነቴን በጆሯቸው ነገረቻቸው።

«የድንች አገሩ?» አሉ ቀና ብለው።

እግራቸው ሥር ተቀምጬ «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እማሆይ» አልኩ። ለስንት ዘመን የዘገየ ቃል ነው። እሳቸው ግን ሳቅ አሉ። «ተዝካሩ ካለፈ በኋላ የሚለቀስለት ልጅ የወለድኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም» ብለው ራሴን ደባበሱኝ። እጃቸው ጥጥ ጥጥ ይሸታል። ትንሽ አለቀስኩ፤ እነሱም ተዉኝ።

ከዚያ ያዘጋጀሁትን ጀመርኩ። «እማሆይ፣ ከቆላ የተመለሰ ቀን…» አልኩ።

«አውቃለሁ» አሉ። «አንተ ዘንድ ጎራ ብሎ ነበር። ነግሮኛል።»



«ተኝቶ አገኘሁት አለኝ። ፈተና አድክሞት፣ ደብተሩን እንደታቀፈ። ልቀሰቅሰው አልጨከንኩም አለ። በዚያች ትኩሳት መሀል እንኳ ሳይቀር ይደጋግማት ነበር፤ ‹እንዳትቀየሙት እናቴ፣ ተኝቶ ነው›።»

አከራያችን «የለም» ነው ያሉት። ተኝቷል ያለው ማንም የለም። ከዚያ በር ላይ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ሹክሹክታዬን ሰምቶ ይሆናል፣ ውስጥ መሆኔን አውቋል ማለት ነው። አውቆ ነው የሄደው፤ መንገዱን ሁሉ በዚያ ትኩሳት ለእናቱ የሚነግራቸውን እያዘጋጀ። እውነቱ አፌ ላይ ነበር፤ ከማርቆስ ጀምሮ ተሸክሜው የመጣሁት። ብናገረው የልጃቸውን የመጨረሻ ቃል ሐሰት አደርግባቸዋለሁ። ባልናገረው እስከ ዕለተ ሞቴ አብሮኝ ይኖራል። እሳቸው እንዝርቱን አቁመው ያዩኛል።

«እንዲያ ነው እንዴ እንቅልፍህ የሚከብደው?» አሉኝ።

«አዎ እማሆይ» አልኩ። «ያኔ ከባድ ነበር።»

«የተማሪ እንቅልፍ መቼም» አሉና ጥጣቸውን አነሱ።